ራም ከመግዛታችሁ በፊት «ኤክሴፕት» የሚለውን መስመር አንብቡ

ክቡር አዘጋጅ፤

«ጠዋት ሲከፈት ይሮጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሃንግ ያደርጋል፣ ዘግተን ስንከፍተው ደግሞ ይሠራል።» ጅማ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን ቅሬታ ሳይሰማ አይቀርም። የሚሰጠውም መልስ የታወቀ ነው፤ ራም (ሜሞሪ) ጨምሩ። 8 ጊጋ የነበረው 16 ይሆናል፣ ቅሬታው ጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ከሰዓት በኋላ ይቆም የነበረው ፕሮግራም አሁን በማግስቱ ይቆማል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ፕሮግራሙ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ከሆነና ዳታው ከየቀበሌው በብዙ ሰው እጅ ተለቅሞ የሚመጣ ከሆነ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መታየት ያለበት ስህተት የሚያዝበት፣ «ኤክሴፕት» የሚለው መስመር ነው። ጋዜጣው በግእዝ ፊደል ስለሚታተም የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ኪቦርድ ላይ እንዴት እንደሚጻፉ አይጠፋውም።

መነሻው ፓይተን ሜሞሪ የሚለቅበት መንገድ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ሲፓይተን የተባለው የፓይተን ዓይነት ለእያንዳንዱ ኦብጀክት (በሜሞሪ ለተቀመጠ ነገር) ከስንት ቦታ እንደተያዘ የሚነግር ቁጥር ያስቀምጣል። ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ውስጡ የነበሩት ቫሪያብሎች (ስም የወጣላቸው ዋጋዎች) ይለቃሉ፤ ቁጥሩ ዜሮ የደረሰ ሁሉ እዚያው ይጠፋል። አሠራሩ ፈጣን ነው፣ ማንም ሳያስበው ይሠራል። የሚበላሸው ፈንክሽኑ ከተመለሰም በኋላ ውስጡን ይዞ የሚቀር ሌላ ነገር ሲኖር ነው፤ ከእነዚህ ነገሮች ሁሉ በጣም የሚዘነጋው ደግሞ ኤክሴፕሽን፣ ማለትም ስህተት ሲያጋጥም የሚነሳው ኦብጀክት ነው።

ኤክሴፕሽንን ብዙ ሰው እንደ አንድ መስመር መልእክት ያየዋል፤ «ይህ ጽሑፍ ወደ ቁጥር አይለወጥም» ብሎ የሚያልፍ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ፓይተን 3.0 ወዲህ ግን እያንዳንዱ ኤክሴፕሽን ትሬስባኩን፣ ማለትም ስህተቱ ያለፈበትን መንገድ፣ በላዩ ተሸክሞ ይዞራል። ትሬስባኩ ስህተቱ ከተያዘበት አንስቶ እስከተነሳበት ድረስ ያሉትን ፈንክሽኖች ፍሬም (ፈንክሽኑ ሲሠራ ንብረቱን የሚያስቀምጥበትን ቦታ) አንድ በአንድ ይይዛል። በፍሬሙ ውስጥ የዚያ ፈንክሽን ቫሪያብሎች በሙሉ አሉ፤ የተነበበው ፋይል፣ የተጫነው ሰንጠረዥ፣ የተከፈተው የዳታቤዝ ግንኙነት። በዚያ ላይ ፍሬም ማን እንደጠራው ስለሚያውቅ ጠሪውም፣ የጠሪው ጠሪም ከነንብረታቸው አብረው ይያዛሉ። የዱባ ሐረግ በጫፉ የያዘ ሰው ሲስብ ግማሽ ጓሮ ተከትሎት እንደሚመጣ ማለት ነው። መልእክቱን ብቻ ያስቀመጠ የመሰለው ፕሮግራመር ያስቀመጠው ያ ፈንክሽን በዚያች ቅጽበት በእጁ የነበረውን ሁሉ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ቡናንም ይጨምራል። ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት ማሳ መገኛ መመዝገብ አለበት፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቢያንስ በ6 የአስርዮሽ አኃዝ፣ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ደግሞ በነጥብ ብቻ ሳይበቃ ዙሪያው ጭምር። በጎማ፣ በጌራ፣ በሊሙ ያለው አብዛኛው ገበሬ ማሳው ከዚያ ስለሚያንስ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። መዝገቡ በኤክሴል ይሰበሰባል እንበል። አንዱ ሰብሳቢ ኬክሮሱን 7.673412 ብሎ በነጥብ ይጽፋል፣ ሌላው 7,673412 ብሎ በኮማ። ባለ ኮማውን ፓይተን በ«ፍሎት» ወደ ቁጥር ለውጥ ሲባል ቫልዩ ኤረር የሚባለውን ኤክሴፕሽን ያነሳል። ቀኑ ላይ ይብሳል። የእኛ ጥቅምት 30 ቀን 2017 በቁጥር ሲጻፍ 30/02/2017 ነው። ወደ ፈረንጅ ሳይመነዘር ለፓይተን ከተሰጠው ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይነሳል፤ ጳጉሜም 13ኛ ወር ስለሆነች ተመሳሳይ ዕጣ ይደርሳታል። ጥቅምት ደግሞ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነውና ይህ ቀን መዝገብ ውስጥ አይጠፋም። በነገራችን ላይ ከቀሩት ቀኖች አብዛኞቹ ምንም ስህተት ሳያነሱ እንደ ፈረንጅ ቀን መመዝገባቸው ከዚህም የከፋ ነው፤ ግን እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ስክሪፕቱ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ፈንክሽን የአንድ ቀበሌ ፋይል ስም ይቀበላል። ፋይሉን በሙሉ አንብቦ «ረድፎች» በተባለ ሊስት ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በሉፕ እያንዳንዱን ረድፍ እያነሳ፣ በ«ትራይ» ውስጥ ነጥቡንና ቀኑን ይለውጣል። ካልተለወጠለት «ኤክሴፕት ቫልዩ ኤረር አዝ ኢ» ይልና «ኢ» የተባለውን ኤክሴፕሽን «ስህተቶች» በተባለ፣ ከፈንክሽኑ ውጭ በተቀመጠ ሊስት ላይ ይጨምራል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ስህተቶቹን ዘርዝሮ ለሰብሳቢዎቹ መመለስ።

እናስላው። 10 ዓምድ ያለው አንድ ረድፍ በዲክሽነሪ (የዓምዱን ስም ከዋጋው ጋር በሚያጣምር ኦብጀክት) ሲቀመጥ ዲክሽነሪው ብቻውን እንደ ፓይተኑ ቨርዥን ከ270 እስከ 360 ባይት አካባቢ ይወስዳል። እያንዳንዱ አጭር ጽሑፍ ደግሞ ፊደሎቹ ሳይቆጠሩ ከ40 ባይት በላይ ነው። ሲደመር አንድ ረድፍ ወደ 1 ኪሎባይት ይጠጋል፤ የገበሬው ስም በአማርኛ ከተጻፈ ትንሽ ይጨምራል፣ የግእዝ ፊደል በሜሞሪ ውስጥ 2 ባይት ስለሚይዝ። ስለዚህ 20,000 ረድፍ ያለው የማሳና የግዢ መዝገብ 20 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስህተት የሌለበት ፋይል ሲያልቅ ይህ 20 ሜጋባይት ይለቀቅና ቀጣዩ ፋይል በቦታው ይገባል። አንዲት ኮማ ያለችበት ፋይል ግን አይለቀቅም። «ስህተቶች» ኢን ይዟል፣ ኢ ትሬስባኩን፣ ትሬስባኩ ፍሬሙን፣ ፍሬሙ «ረድፎችን»። በ300 ፋይል ውስጥ አንድ አንድ ስህተት ብቻ ቢኖር 6 ጊጋባይት ተያዘ ማለት ነው። 8 ጊጋ ያለው ኮምፒውተር ከዚያ በፊት መንተፋተፍ ይጀምራል፣ ዊንዶውስም የራሱን ድርሻ ወስዷልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወሳኙ የስህተቱ ብዛት አይደለም፤ የፍሬሙ ብዛት ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ 1,000 ስህተት ቢገኝ ሁሉም የሚይዙት ያንኑ አንድ ፍሬም፣ ያንኑ አንድ ሊስት ነው፤ ተጨማሪው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ግን አዲስ ፍሬም ይፈጠራል። አንድ በጣም የተበላሸ ፋይል አዘጋጅተው ፕሮግራሙን የሚፈትኑ ሰዎች «ሰላም ነው» ብለው የሚያስረክቡት ከዚህ የተነሳ ነው። ጥቂት ጥቂት የተበላሹ ብዙ ፋይሎች ቢሰጡት ኖሮ ጉዱ ይወጣ ነበር።

መፍትሔው ኦብጀክቱን ትቶ ጽሑፉን መያዝ ነው። ስህተት ለሰብሳቢው ሲመለስ የሚያስፈልገው የፋይሉ ስም፣ የረድፉ ቁጥር፣ የዓምዱ ስም፣ የተጻፈው ዋጋና «ስትር» በሚለው ወደ ጽሑፍ የተለወጠው መልእክት ነው። እነዚህ አምስቱ በአንድ ቱፕል (የማይለወጥ ዝርዝር) ተደርገው ሊስቱ ላይ ይጨመሩ፤ ከጥቂት መቶ ባይት አይበልጡም። ፕሮግራመሩ ሙሉ ትሬስባኩን ማየት የሚፈልግ ከሆነም «ትሬስባክ» ከሚባለው ሞጁል «ፎርማት ኤክስክ» የሚለውን እዚያው «ኤክሴፕት» ውስጥ ይጥራ፤ የሚመልሰው ተራ ጽሑፍ ነው፣ ፍሬም አይዝም። በኋላ እንደገና ተቀናብሮ የሚታተም ነገር ለሚፈልግ «ትሬስባክ ኤክሴፕሽን» የሚባለው ክላስ አለ፤ እሱም ካልታዘዘ በስተቀር የቫሪያብሎቹን ዋጋ አይወስድም። ፋይሉን በሙሉ ከመጫን ረድፍ በረድፍ ማንበብም ጥሩ ልማድ ነው፣ ጉዳቱን በጣም ይቀንሰዋል፤ ፍሬሞቹ ግን አሁንም ተይዘው ነው የሚቀሩት።

እስካሁን ያየነው አንድ ሊስት ሆን ተብሎ ይዞት የቀረውን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ማንም ሳይይዘው የሚቀረው ነው፤ ይሄኛው የበለጠ ያደክማል። «ኤክሴፕት ... አዝ ኢ» የሚለው ክፍል ሲያልቅ ፓይተን 3 ኢን ራሱ ያጠፋዋል። ይህ ሕግ የተጨመረው ኤክሴፕሽኑ ትሬስባኩን መሸከም ስለጀመረ ነው። ችግሩ ሰው ዞሮ ያፈርሰዋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚጻፍ ኮድ ሁሉ ደጋግሞ የሚሞክር ሉፕ አለበት። ሦስቴ ሞክር፣ ካልሆነ የመጨረሻውን ስህተት አንሳ። ለዚህም «መጨረሻ እኩል ይሆናል ኢ» ተብሎ ይቀመጥና ከሉፑ ውጭ «ሬይዝ መጨረሻ» ይባላል። አሁን ፍሬሙ «መጨረሻ» የሚለውን ቫሪያብል ይዟል፣ «መጨረሻ» ትሬስባኩን፣ ትሬስባኩ ያንኑ ፍሬም። ክብ ሠራ። ከውጭ ማንም ባይዘው እንኳ ቁጥሩ ዜሮ አይደርስም።

እንዲህ ያለውን ክብ የሚያፈርስ ጋርቤጅ ኮሌክተር («ጂሲ») አለ፤ ከፓይተን 2.0 ጀምሮ የነበረ ነው። ነገር ግን የሚነሳው ሜሞሪ ስለጠበበ አይደለም፣ የኦብጀክት ቁጥር ስለበዛ ነው። ለብዙ ዓመታት የቆየው መነሻ ልክ 700፣ 10 እና 10 ነበር፤ አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ለውጠውታል። በዚያ ልክ፣ እንደ ሊስትና ዲክሽነሪ ያሉ፣ ሌላ ነገር የሚይዙ ኦብጀክቶች ከተፈጠሩት የጠፉት ተቀንሶ ከ700 ሲያልፍ ወጣቶቹ ይፈተሻሉ፤ ይህ 10 ጊዜ ሲሆን መካከለኞቹ፤ ያም 10 ጊዜ ሲሆን ያረጁት። ላረጁት ደግሞ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ተፈትሸው የማያውቁት ቀድሞ ከተፈተሹት ሩብ ካልበለጡ አይነኩም ነበር። 50 ሜጋባይት የሆነ የሳተላይት ምስል በ«ባይትስ» መልክ በዚህ ክብ ውስጥ ቢታሰር ለኮሌክተሩ ከቁጥር አይገባም፣ ሌላ ነገር የሚይዝ ኦብጀክት አይደለምና። 40 እንዲህ ያለ ምስል ማለት 2 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ በእሱ ሒሳብ ገና ብዙ ሥራ አልመጣም። ለፍጥነት ሲባል «ጂሲ ዲሴብል» ብሎ ኮሌክተሩን ማጥፋትን የሚመክሩ አሉ፤ እንዲህ ባለ ኮድ ላይ ያንን ማድረግ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ክቡን መቁረጥ ቀላል ነው። ሉፑንና «ሬይዙን» በአንድ «ትራይ» ውስጥ አድርጎ በ«ፋይናሊ» ውስጥ «መጨረሻ» የሚለውን ወደ «ነን» (ባዶ ዋጋ) መመለስ ወይም በ«ዴል» ማጥፋት። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ከፓይተን ጋር የሚመጣው፣ ሥራዎችን ጎን ለጎን የሚያስኬደው «ኮንከረንት ፊውቸርስ» ራሱ ይህንኑ ያደርጋል፤ ኮዱን ለከፈተ ሰው «ሰልፍ እኩል ይሆናል ነን» የሚል መስመር ክቡን ለመስበር መሆኑ ተጽፎበት ይገኛል። ያም ሆኖ የጨረሱ ፊውቸሮችን (የየሥራውን ውጤት የሚይዙ ኦብጀክቶችን) በሊስት አጠራቅሞ በሚይዝ ፕሮግራም ውስጥ የወደቁት ኤክሴፕሽናቸውን፣ ኤክሴፕሽኖቹ ደግሞ ፍሬማቸውን እንደያዙ ይቀራሉ። ውጤቱን ውሰድ፣ ፊውቸሩን ጣል።

«ሬይዝ ... ፍሮም ነን» ማለት የቀድሞውን ስህተት የሚያስወግድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አያስወግድም። ሲታተም እንዳይታይ ብቻ ይደብቀዋል፤ የቀድሞው ኤክሴፕሽን «ኮንቴክስት» በሚባለው ቦታ ከነትሬስባኩ እንደተቀመጠ ነው። በተለይ ድጋሚ ሙከራውን «ኤክሴፕት» ውስጥ ሆኖ ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን የሚያካሂድ ኮድ አንዱን ስህተት በሌላው ላይ እያንጠለጠለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ከተያዘ ሁሉም ተያዙ። ሙከራው ከ«ኤክሴፕት» ውጭ፣ በሉፕ ይሁን።

አንዳንዱ ደግሞ ለቁጠባ ብሎ ኤክሴፕሽኑን አንዴ ብቻ በሞጁሉ ራስጌ ፈጥሮ ያስቀምጥና በየቦታው ያንኑ አንዱን «ሬይዝ» ያደርጋል። ያ ኦብጀክት በተነሳ ቁጥር አዲስ የትሬስባክ ቁራጭ በቀድሞው ላይ ይቀጠልበታል። ሞጁሉ ስለያዘው ደግሞ አይጠፋም፤ ሰንሰለቱ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ያድጋል። በቀን አንዴ የሚነሳ ከሆነ ማንም አያስተውለውም። «ገበሬው በመዝገብ የለም» የሚል፣ በሰዓት ሺህ ጊዜ የሚነሳ ከሆነ ግን ሰርቨሩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ክላሱን ብቻ አስቀምጦ በተነሳ ቁጥር አዲስ መፍጠር፤ የግድ አንዱን መጠቀም ካስፈለገም «ዊዝ ትሬስባክ» በሚለው ላይ «ነን» ሰጥቶ ማንሳት።

ሎግ (የፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ) የሚጽፉ ሰዎችም ይጠንቀቁ። «ሎገር ኤክሴፕሽን» ብለው ወደ ፋይል ከጻፉ ችግር የለም፣ ተጽፎ ያልቃል። «ሜሞሪ ሃንድለር» የሚባለውን ተጠቅመው «ፍላሽ ሌቭል» የሚለውን ከ«ኤረር» በላይ ካደረጉት ግን መዝገቦቹ እስኪጠራቀሙ ከነትሬስባካቸው ይቆያሉ፤ አቅሙን 10,000 አድርጎ የከፈተ ሰው እስከ 10,000 ትሬስባክ ከነፍሬማቸው ለመያዝ ፈቅዷል። «ኪው ሃንድለር» ግን አስቀድሞ ወደ ጽሑፍ ስለሚለውጠው ከዚህ ነፃ ነው።

ጁፒተር ኖትቡክ ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎች አንድ ነገር። ሴሉ በስህተት ሲቆም የመጨረሻው ትሬስባክ «ሲስ» ሞጁል ውስጥ ይቀመጣል፣ ስህተቱን ተመልሶ ለመመርመር እንዲመች። ስህተቱ ሲነሳ በፈንክሽኖቹ እጅ የነበረው ዳታ አብሮ ታስሯል ማለት ነው፤ ቫሪያብሉን በ«ዴል» ቢያጠፉትም ሜሞሪው አይወርድም። ኬርነሉን ከመዝጋት በፊት አዲስ ሴል ላይ 1ን ለ0 አካፍሎ ትንሽ ስህተት ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አዲሱ ትሬስባክ የቀድሞውን ይተካዋል። በፓይቶርች የቡና ቅጠል በሽታ ከፎቶ ለመለየት ለሚሞክሩ ደግሞ ነገሩ በጂፒዩ ላይም ያው ነው። ሜሞሪ አለቀ ሲል «ኤክሴፕት» ውስጥ ሆነው ባች (በአንዴ የሚገባውን የፎቶ ብዛት) ቀንሰው ቢሞክሩ ሁለተኛውም ይወድቃል፣ የመጀመሪያው ሙከራ ቴንሰሮች (የቁጥር ሰንጠረዦች) በኤክሴፕሽኑ ተይዘዋልና። «ኤክሴፕት» ውስጥ «ሜሞሪ አልቋል እኩል ይሆናል ትሩ» የሚል ምልክት ብቻ አስቀምጦ መውጣት፣ ትንሹን ባች ከውጭ መሞከር። የፓይቶርች መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ፋይልና የዳታቤዝ ግንኙነት ከሜሞሪ ቀድመው ያልቃሉ። ኤክሴፕሽን «ክሎዝ» የሚለውን መስመር ዘልሎት ይሄዳል፤ ከላይ ያልነው ፍሬም ከተያዘ ደግሞ ክፍት እንደሆኑ ይቀራሉ። ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ለአንድ ፕሮግራም 1,024 ክፍት ፋይል ይፈቅዳል፣ ማይኤስኪውኤል በመነሻ ልኩ 151 ግንኙነት፣ ፖስትግሬስ 100። ለፋይል «ዊዝ» ተጠቀሙ፤ የዳታቤዝ ግንኙነትን ግን «ዊዝ» ብቻውን የማይዘጋበት ላይብረሪ ስላለ በ«ፋይናሊ» ውስጥ «ክሎዝ» በሉት።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ፕሮግራሙ አንድ ዙር ሥራ ጨርሶ ሲያርፍ «ጂሲ ኮሌክት» ይጠራ፣ ቀጥሎ «ጂሲ ጌት ኦብጀክትስ» ከሚመልሰው ውስጥ የ«ቤዝ ኤክሴፕሽን» ዓይነት የሆኑት ይቆጠሩ። በሥራ መካከል ባለ ዕረፍት በሕይወት ያለ ኤክሴፕሽን ዜሮ ወይም ጥቂት መሆን አለበት። ከዙር ወደ ዙር እየጨመረ ከሄደ ነገሩ ታውቋል፤ ከመካከላቸው አንዱን ወስዶ «ጂሲ ጌት ሪፈረርስ» ሲሉት ማን እንደያዘው ይናገራል፤ ሊስት ነው፣ ዲክሽነሪ ነው፣ ወይስ ፍሬም። ሜሞሪው «ኮሌክት» ከተጠራ በኋላ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ክብ አለ ማለት ነው፤ ተጠርቶም ካልወረደ በሊስት ወይም በካሽ የያዘው አካል አለ። የኤክሴፕሽኑ ቁጥር ደህና ሆኖ ሜሞሪው ብቻ ከጨመረ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ ያለውን «ትሬስማሎክ» ማስነሳት፣ ከአንድ ዙር በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሳትና በመስመር ቁጥር ማወዳደር። ሥራ ስለሚያዘገይ ግን ተከፍቶ አይተው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ በሊኑክስ «ጌት አር ዩሴጅ» የሚሰጠው የሜሞሪ ቁጥር እስከዛሬ የተደረሰበት ጣሪያ ነው፤ ምንም ቢለቀቅ አይወርድም። እሱን እያዩ «አሁንም አልለቀቀም» ማለት ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ፓይተን እስከ 512 ባይት ያሉ ትናንሽ ኦብጀክቶችን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በጅምላ በተቀበለው ቦታ ላይ ያስቀምጣል፤ ጅምላው ድሮ 256 ኪሎባይት ነበር፣ ከ3.10 ወዲህ 1 ሜጋባይት ሆኗል። በዚያ ውስጥ አንዲት ኦብጀክት ከቀረች ሙሉው አይመለስም። ስለዚህ ታስክ ማናጀር ላይ ቁጥሩ ወጥቶ እዚያው ቢቆም ሜሞሪ እያፈሰሰ ነው አይባልም። የሚያፈስ ፕሮግራም ተመሳሳይ ሥራ በተሰጠው ቁጥር ሳያቋርጥ ይወጣል።

ችግሩ ጅማ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ የሚቆይበት አንድ ምክንያት፣ እውነቱን ለመናገር፣ መብራት ነው። በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ ስለሚነሳ ሜሞሪውም አብሮ ይታጠባል። ዩፒኤስና ባትሪ የገዛ ቢሮ ሰርቨሩ ሳምንት ሙሉ ሳይጠፋ ሲሠራለት ነው «ባትሪው ከመጣ ወዲህ ተበላሸ» የሚለው። ሌሊት ሌሊት ሪስታርት ማድረግ፣ ወይም ጉኒኮርን (የፓይተን ዌብ ሰርቨር) ላይ «ማክስ ሪኩዌስትስ» በሚለው ሠራተኛ ፕሮሰሶችን ከተወሰነ ጥያቄ በኋላ መቀየር፣ መፍትሔ እስኪገኝ የሚያቆይ ፋሻ ነው፤ አንነቅፈውም። ሆኖም በለቀማ ወቅት የሚመጣው ዳታ በሌላው ጊዜ ከሚመጣው እጥፍ ድርብ ስለሆነ ሌሊቱን ሳይጠብቅ ቀትር ላይ የሚወድቅበት ቀን ይመጣል።

ስለዚህ ሶፍትዌር የሚያሠሩ ዩኒየኖች፣ ላኪዎችና መሥሪያ ቤቶች ርክክቡ ላይ አንድ ፈተና እንዲጨምሩ እንጠይቃለን። 50 ትናንሽ ፋይሎች ይዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ብቻ ይበላሽ፤ በአንዱ ኮማ፣ በሌላው ጥቅምት 30፣ በሌላው ባዶ ኬንትሮስ። ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ሃምሳዎቹን 20 ጊዜ ያስኬዳቸው። ከ3ኛው ዙር በኋላ ያለው ሜሞሪና በሕይወት ያለው የኤክሴፕሽን ቁጥር ይመዝገብ፣ ከ20ኛው በኋላም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የማይቆጠሩት ሞጁሎችና ካሾች የሚሞሉት ያኔ ስለሆነ ነው። የኤክሴፕሽኑ ቁጥር ከጨመረ፣ ወይም ሜሞሪው በየዙሩ እኩል እኩል ከወጣ፣ ሠሪው ኮዱን ይዞ ይመለስ፤ ቀሪ ክፍያውም እስከዚያ ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጅማ ከሚገኙ የፓይተን ፕሮግራመሮች